ለሁለተኛ ጊዜ ለተከሰስኸው ልጄ

ልጄ፣ ከተያዝህ ወዲህ ስለ አንተ የሚያወራ እንጂ ለአንተ የሚነግርህ ሰው አላየሁም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንዱ «ለአንዲት ሽቶ ይህን ያህል ምን አስጮኸ?» ይላል፤ ሌላው «ያው ሌባ ነው፣ እዚያው ይክረም» ብሎ ይዘጋዋል። የመጀመሪያው ነገሩን አቅልሎ ያሳስትሃል፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው መሆን እንደማትችል ያሳምንሃል። እኔ የኮልፌ ሽማግሌ ነኝ። ለሰፈራችን ልጆች ዋስ ሆኛለሁ፣ ከባለሱቅ ጋር አስታርቄአለሁ፣ ችሎት ቁጭ ብዬም ፍርድ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ስድቡንም ማባበሉንም ትቼ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ሁለተኛ ክስ ከመጀመሪያው በምን እንደሚለይና ከአሁን ወዲያ በእጅህ የቀረው ምን እንደሆነ ልንገርህ።

በመጀመሪያ ዕድሜህን እወቅ። የወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ልጅ የተለየ እርምጃ አዘጋጅቷል። ከ15 አልፎ 18 ላልሞላው ደግሞ ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልለት በር ከፍቷል። አንተ ግን 18ን ተሻግረሃል። «ገና ልጅ ነው እኮ» የሚለው ቃል በእናትህ አፍ ያምራል፤ ችሎት ላይ ግን እንደ ሙሉ ሰው ነው የምትቆመው።

በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665 አስቀምጦታል። የማይገባውን ጥቅም ለማግኘት ወይም ለሌላ ሰው ለማስገኘት ብሎ የሌላውን ንብረት የወሰደ ሰው፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ የወጣ ሽቶም፣ ታክሲ ውስጥ ከሰው ኪስ የወጣ ስልክም የሚታዩት በዚሁ አንቀጽ ነው። ሕጉ «የሱቅ ስርቆት» ብሎ ለይቶ ያቀለለው ነገር የለም። ቀላል እስራት ከ10 ቀን ይጀምራልና፣ ዳኛው ፊት የተዘረጋው መንገድ ከ10 ቀን እስከ 5 ዓመት ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የት እንደምትቆም የሚወስነው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ትናንት ማን እንደነበርህና ከተያዝህ በኋላ ምን እንዳደረግህ አብሮ ይመዘናል። ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ፤ በሁለተኛው ክስ ከዕቃው ይልቅ የምትመዘነው አንተ ነህ።

«ሁለተኛ ጊዜ» ሲባል ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለይ፤ ለጠበቃህም ሳትደብቅ ንገረው።

የመጀመሪያው ጊዜ በሽምግልና ያለቀ ከሆነ፣ ማለትም ባለሱቁ ዕቃውን ተቀብሎ «ሁለተኛ እንዳትደግመው» ብሎ ከሸኘህ፣ በሕግ ፊት ሪከርድ የለህም። ጥፋተኛ ተብለህ አልተፈረደብህምና ዛሬ የምትቆመው እንደ መጀመሪያ ተከሳሽ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ግን ያ ባለሱቅ የሰጠህን ምሕረት በልተህ ጨርሰኸዋል።

ተፈርዶብህ በገደብ ተለቅቀህ ከነበረ ጉዳዩ ይከብዳል። ገደብ ማለት ቅጣቱ ተረሳ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ከ2 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ የፈተና ጊዜ ሰጥቶ እስራቱን አቆይቶልሃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል ከሠራህ ገደቡ ይነሣና ያ የቆየው ቅጣት ይፈጸምብሃል፤ የአዲሱም ቅጣት ለብቻው ይጠብቅሃል። ብዙ ወጣት በገደብ ሲለቀቅ «ነጻ ወጣሁ» ብሎ ይጨፍራል፣ ዳኛው የነገረውን የፈተና ጊዜ ርዝመት እንኳ አያስታውስም። የፍርዱን ግልባጭ አውጥተህ አንብበው።

ታስረህ የወጣህ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 67 የሚናገረው ስለ አንተ ነው። እስራቱን በሙሉ ወይም በከፊል ፈጽሞ ወይም በይቅርታ ወጥቶ 5 ዓመት ሳይሞላው ሆን ብሎ፣ በሕጉ የተቀመጠውን ክብደት የሚያሟላ አዲስ ወንጀል የሠራ ሰው ደጋጋሚ ወንጀለኛ ይባላል። አንቀጽ 188 ደግሞ በደጋጋሚ ላይ ቅጣት እንዲከብድ ያዛል፤ ዳኛው ለዚያ ወንጀል ከተጻፈው ጣሪያ አልፎ እንዲሄድ እንኳ መንገድ ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው ክስ ገና ሳይቋጭ ሁለተኛው ተጨምሮብህ ከሆነ፣ ደጋጋሚ ሳይሆን ተደራራቢ ወንጀሎች የሠራ ሰው ሆነህ ልትታይ ትችላለህ፤ ለእያንዳንዱ የሚሰላው ቅጣት ይደመራል። «አንዱን በሌላው አጣፋለሁ» የሚል ሂሳብ እዚህ የለም።

ይህን ሁሉ ስነግርህ ግን ተስፋ እንድትቆርጥ አይደለም። አያቶቻችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በፍርድ ጥፋተኛ እስክትባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንድትቆጠር ይላል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 138 ላይ የቀድሞ ጥፋትህ ጥፋተኛ ከመባልህ በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዳይነገር ያዛል። ዐቃቤ ሕግ የዛሬውን ጉዳይ በዛሬው ምስክርና በዛሬው ካሜራ ማስረዳት አለበት። «ባለፈውም ሰርቆ ነበርና አሁንም እሱ ነው» ብሎ ማስፈረድ አይችልም። ትናንትህ የሚገባው ጥፋተኛ ከተባልህ በኋላ፣ ቅጣት ሲወሰን ነው።

ስለዚህ ያልሠራኸውን አትቀበል። ጣቢያ ውስጥ «ይህንንም ያንንም አንተ ነህ የወሰድኸው፣ እመንና ይለቅህ» የሚል ሰው ቢገጥምህ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያለመናገር መብት እንደሰጠህ አስታውስ። የምትናገረው በማስረጃነት ሊቀርብብህ እንደሚችል ሊነገርህ ይገባል፤ ተገድደህ የሰጠኸው ቃልም በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለህ፤ ከተያዝህበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው በዚህ የማይቆጠረው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣህና ያለ ጠበቃ መቅረብህ ፍትሕ የሚያጓድል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምልህ ይገባል። ተከላካይ ጠበቃ የሚባለው ያ ነው። ዳኛው ሲጠይቅህ «አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ» በል። አፍረህ ዝም ካልህ ማን ያውቅልሃል?

ዝም የማለት መብት ግን የመዋሸት ፈቃድ አይደለም። ሽቶው ቦርሳህ ውስጥ ተገኝቶ፣ ካሜራው አንተን እያሳየ፣ «ጓደኛዬ ነው የከተተብኝ» ብትል ዳኛው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ገና አልተጸጸተም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የጻፈው ከልብ መጸጸትን ነው። ጥፋትን ማመን፣ ራስን ለፍትሕ መስጠት፣ የተበደለውን በተቻለ መጠን መካስ እዚያ ውስጥ ተዘርዝረዋል። በዚያው አንቀጽ ላይ የቀድሞ መልካም ጠባይም አለ። አንተ ሁለተኛ ጊዜ በመከሰስህ ያ በር ጠብቦብሃል፤ አንቀጽ 84 ደግሞ መጥፎ የኋላ ታሪክን ከሚያከብዱ ምክንያቶች ጋር ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የቀረልህ ሰፊው በር የጸጸቱ ነው። ከጠበቃህ ጋር ተማክረህ፣ የሠራኸውን ሠርቻለሁ በል፤ ያልሠራኸውን አልሠራሁም በል።

ባለሱቁን ስለ መካስም ልንገርህ። ሰው ሁሉ «ባለሱቁ ይቅር ካለ ክሱ ይነሣል» ይልሃል። እንዲህ አይደለም። ስርቆት ከቅርብ ዘመዳሞች ውጭ የሆነ እንደሆነ በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀጥል ወንጀል አይደለምና፣ ባለሱቁ ቢተወው እንኳ ዐቃቤ ሕግ ሊቀጥልበት ይችላል። ግን ሽማግሌ ይዘህ መሄድህ፣ ዋጋውን መክፈልህ፣ የይቅርታውን ደብዳቤ ችሎት ማቅረብህ ከንቱ አይሆንም። ቅጣት ሲመዘን ይቆጠራል፤ ባለሱቁም የካሳ ጥያቄውን ለብቻው ይዞ አይመጣብህም። ስትሄድ ደግሞ ለክሱ ብለህ ብቻ አትሂድ። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አጠና ተራ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ያሉትን ሱቆች የያዙት ከእናትህ ብዙ የማይሻሉ ሰዎች ናቸው። በትልልቆቹም ቢሆን በቆጠራ ቀን የጎደለው ዕቃ ከሽያጭ ሠራተኛዋ ደመወዝ የሚቆረጥበት ቤት ብዙ ነው። አንተ «የሀብታም ሱቅ ነው፣ አይጎዳውም» ብለህ የወሰድኸውን የምትከፍለው ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ተከራይታ የምታድር እኩያህ ልትሆን ትችላለች። የካስኸው እሷን እንደሆነ ይግባህ።

አሁን ስለ ዋስትና። ፍርድ ቤት ስትቀርብ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ካለ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ የጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅብህ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው ፍርድ ቤቶች የደንብ መተላለፍ ጉዳዮችን፣ የጊዜ ቀጠሮና የዋስትና ጥያቄን ያያሉ፤ የስርቆት ክሱ ራሱ የሚታየው በፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሁለት የተለያየ ችሎት ስታይ ግራ አይግባህ፤ የትኛው ቀጠሮ የትኛው ቦታ እንደሆነ ጻፈው። ተራ ስርቆት ዋስትና የሚያስከለክል ወንጀል አይደለም። ግን አንቀጽ 67 (ይህ የሥነ ሥርዓቱ ነው፣ ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ጋር አታምታታው) ዳኛው ዋስትና ሊከለክል የሚችልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ «ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል» የሚለውን ሥጋት አንዱ አድርጎታል። ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ላይ ፖሊስ በቀላሉ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ለዚህ መልስህ ቃል ብቻ ከሆነ ክብደት የለውም። የምትኖርበት ቤት፣ የምትማርበት ወይም የምትሠራበት ቦታ፣ የሚታወቅ ዋስ ካለህ ግን ዳኛው የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ዋስ የሆነልህን ሰው አታዋርድ። በቀጠሮ ቀን ከቀረህ ያስያዘው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፣ አንተም በፖሊስ ትፈለጋለህ፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ይፈቱኝ» ብትል ማን ይሰማሃል? የሰፈር ሰው ዋስ መሆን የሚሰለቸው በሌብነት አይደለም፤ በቀጠሮ መቅረት ነው።

ደግሞ ከእንግዲህ ሊያጠፉህ የሚችሉ ሦስት ነገሮችን ስማኝ። አንደኛው መታገል ነው። እጅ ከፍንጅ ተይዘህ ጥበቃውን ገፍትረህ፣ ተማትተህ፣ አስፈራርተህ ለማምለጥ ከሞከርህ ነገሩ ከስርቆት ወጥቶ ወደ ውንብድና ሊሄድ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 ለውንብድና እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት አስቀምጧል። ለአንድ ሽቶ! በሌላ በኩል የያዘህ ሰው ሊደበድብህ መብት የለውም፤ ሕጉ የሚፈቅድለት ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ብቻ ነው። ከተመታህ ለፖሊስም ለዳኛውም ተናገር፣ ሐኪም ዘንድ ሄደህም ማስረጃ ያዝ።

ሁለተኛው ጓደኛ ነው። ከቡድን ጋር፣ ሰብሮ ወይም ቁልፍ ከፍቶ የሚፈጸም ስርቆት በአንቀጽ 669 ወደ ከባድ ስርቆት ሊያድግ ይችላል። አንዱ ባለሱቋን እያዋራ ሌላው ሲወስድ «እኔ እኮ አልነካሁም» የሚል መከላከያ አይሠራም፤ ሕጉ አብሮ የሠራውንም፣ የረዳውንም፣ ያነሳሳውንም ይጠይቃል።

ሦስተኛው «አስቀምጥልኝ» ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቅህ ስልኩን ገዝተህ፣ ደብቀህ ወይም ሸጠህ ከተገኘህ አንቀጽ 682 ለብቻው ይጠይቅሃል። በርካሽ የሚሸጥ ስልክ ያለ ደረሰኝ አትግዛ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ የሚከተለውንም እንወቀው፤ ብዙ ሰው የሚያየው እስራቱን ብቻ ነውና። ከእስራቱ ሌላ መቀጮ ሊኖር ይችላል። በአንቀጽ 123 መሠረት ፍርድ ቤቱ ከመምረጥና ከመመረጥ፣ ለሰነድ ምስክር ወይም ዋስ ከመሆን፣ አንዳንዴም የሙያ ሥራ ከመሥራት ሊሽርህ ይችላል። ከዚያ የአሻራው ነገር አለ። ባንክ፣ ጥበቃ፣ ሾፌርነት፣ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድ፣ ለትምህርት ቪዛ መጠየቅ፣ አብዛኛው «ከወንጀል ነጻ» የሚል ወረቀት ይፈልጋል። የገንዘብ ሥራ የሚሰጥህ ደግሞ ዋስ አምጣ ይልሃል፤ ዋስ የሚሆንህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስምህን ነው። የወጣትነት ፍርድ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ገና ሥራ ሳትጀምር የሥራውን በር ይቆልፍብሃል።

እስር ቤቱም ቅርብ አይደለም። ከካራ ቆሬ ወይም ከዓለም ባንክ ተነሥታ ቂሊንጦ ወይም ቃሊቲ ስንቅ የምታደርስ እናት ከተማዋን ከምዕራብ ዳር እስከ ደቡብ ዳር ታቋርጣለች። ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ፍተሻው፣ የቀረባት የሥራ ቀን፣ ይህ ሁሉ ፍርድ ሳይጻፍባት የተፈረደባት ነው። አንተ ውስጥ ሆነህ የምትበላውን እንጀራ የጋገረችው ከምን ላይ ቀንሳ እንደሆነ አስብ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ራስህን ጠይቅ፤ ለምን ሁለተኛ? ተርበህ ከሆነ ተናገር፣ ድህነት ወንጀል አይደለም፤ እድርም ወረዳም አለ። ገንዘቡ የሚሄደው ውርርድ ቤት ከሆነ፣ ስልክህ ላይ ያለውን የቤቲንግ አካውንት ዛሬ ዝጋ፤ ለማስመለስ ብለህ የምትጫወተው ዙር ነው ወደ ሱቅ መደርደሪያ የሚመራህ። ጫት ወይም ሌላ ሱስ ከሆነ፣ ወይም ሳያስፈልግህ እጅህ ሲሄድ ማቆም ካቃተህ፣ ይህ የጤና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮና የሱስ ሕክምና የሚሰጥበት ነው። ታክሜአለሁ፣ እየታከምሁ ነው የሚል ማስረጃ ይዞ የቀረበ ተከሳሽ፣ ባዶ እጁን ከቀረበው ይለያል። ሥራ ማጣት ከሆነ ደግሞ በወረዳህ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተመዝገብ፤ ከኮልፌ ብዙም የማይርቀውን ጄኔራል ዊንጌትን ጨምሮ ሙያ የሚያስተምሩ ፖሊ ቴክኒኮች አሉ። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ መኪና ጥገና የተማረ ልጅ ለመጀመሪያው ሥራው የሚያሳየው እጁን ነው።

ተፈርዶብህም ቢሆን መንገዱ አላለቀም። ፍርዱ አላግባብ ነው ካልህ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትል አስታውቅ፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰህ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻህን ለከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅርብ። ቀኑ ካለፈ በሩ ይጠብባል። ታስረህ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ ከፈጸምህ አመክሮ መጠየቅ ይቻላል። ቅጣቱን ጨርሰህ ከወጣህ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ የተፈረደበት ሰው ስሙ እንዲመለስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ጽኑ እስራት ለነበረበት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለሌላው ቢያንስ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ መቆየት፣ ካሳውንም መክፈል ይጠበቃል። ሕጉ ደጋጋሚን አጥብቆ የሚቀጣውን ያህል፣ ለታረመ ሰው ስሙን የሚመልስበት መንገድም አለው። ያ መንገድ የሚጀምረው ግን ሦስተኛ ክስ ካልመጣ ብቻ ነው።

«በእንቁላሉ ጊዜ ብትቀጪኝ በበሬው ባልሞትሁ» ብሎ እናቱን የወቀሰውን ልጅ ተረት ሰምተሃል። ያ ልጅ የተሳሳተው እናቱን በመውቀሱ ነው። ከእንቁላሉ በኋላ ብዙ ማለዳ ነግቶለታል፤ በእያንዳንዱ ማለዳ ማቆም የሚችለው ራሱ ነበር። አንተ አሁን ያለኸው በእንቁላሉና በበሬው መካከል ነው።

ስለዚህ ይህን አድርግ። ዛሬውኑ ከእናትህ ጋር ቁጭ ብለህ የመጀመሪያውን ጉዳይም የሁለተኛውንም ሳትደብቅ ንገራት። የቀድሞ ፍርድህን ግልባጭ አውጥተህ ለተከላካይ ጠበቃህ አሳየው። ሽማግሌ ይዘህ ባለሱቁ ዘንድ ሂድና የወሰድኸውን ክፈል፤ እኔን ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ። የቀጠሮህን ቀንና ችሎት ጽፈህ በር ላይ ለጥፍ። በቀኑም ንጹሕ ልብስ ለብሰህ፣ ከሰዓቱ ቀድመህ ፍርድ ቤት ተገኝ፤ ስምህ ሲጠራ ተነሥና «አለሁ» በል።